በእግሩ የማይሄድ እንቁላል

በስኮትላንድ ምዕራብ፣ ዝናብ ጎጆ በወጣበት፣
የሰማይና የባሕር ወሰን ድንጋይ በጠፋበት፣
ኦይሪክ ትባላለች፤ ሰባ አራት ነው ዕድሜዋ፣
ማጉያ መነጽር በክር ከአንገቷ፣
በሰሜኑ ገደል ፀሐይ በማትደርስበት
በደረቷ ተኝታ ታያለች አንድ ሽበት።

የድንጋይ ሽበት አይደለም፤ «ጉበት ቅጠል» ይሉታል፤
ጉበትም አይመስል፣ ቅጠልም አይባል፤
ቀለሟ እንደ ዛገ ሚስማር፣
ቁመቷ ጣት አይሞላ፣ ውፍረቷ እንደ ጠጉር፣
ተጠቅጥቃ ታድጋለች፣ ትራስ ትራስ መስላ።
ከዚህ ተራራ በቀር የትም አልታየችም ሌላ።
ያለችውም ሁሉ
ሴት ናት።
ወንዱ የለም። ምናልባት በረዶው ሲሸሽ
አብሮ ሸሽቶ ይሆናል፤ ምናልባትም ከነጭራሽ
አልነበረም።

«ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ይባላል፤
የዚህች እንቁላል ግን ካለበት አልተነሣም፤ ይጠብቃል፣
በጠል ላይ ዋኝቶ የሚመጣ አንድ እንግዳ፣
አሥር ሺህ ዓመት፣ በሩን ከፍቶ፣ ማዶ ለማዶ፣ ባዳ ለባዳ።

ቶርኪል ከታች ነው፣ በኦኩ ዛፍ ጫካ፤
የድሮ የጀልባ መካኒክ፤ ጡረታ ሲወጣ ለካ
ሲወድ የኖረው ሞተር ሳይሆን ቀንድ አውጣ ኖሯል።
በቀይ የጥፍር ቀለም ጀርባቸው ላይ ቁጥር ይጽፋል።
ቀለሙ የሟች ሚስቱ ነው፤ ይኼን ማንም አይጠይቀው፤
ስንት እንደቀረ ግን ጠርሙሱ ነው የሚያውቀው።

ሐሙስ ሐሙስ ከድንጋይ አጥሩ ሥር ይገናኛሉ፣
ቴርሞስ መሃል አስቀምጠው ይከራከራሉ።
እኔ ደብተር ያዥ ነኝ። እርሳሴ እርጥብ ነው።

«ያንቺ» ይላታል «አንድ ቦታ ተተክላ የቀረች፣
ባል እየጠበቀች የጃጀች!
የኔን እዪው፦ ባልም እሱ፣ ሚስትም እሱ፣
ኪራይ የማይከፍል፣ ቤቱ ከነጣሪያው በራሱ!
ሁለት ሲገናኙ በኖራ ፍላጻ ይወጋጋሉ፣
ተወጋግተው ሁለቱም አርግዘው ይመለሳሉ።»

«በኔ ቋንቋ» አልኩ «ስሙ ራሱ ትእዛዝ ነው፤
ቀንድ! አውጣ! ይሉታል፤ አውጥቶ፣ ጣት ሲነካው የሚከተው።»
ቶርኪል ሳቀ።
ኦይሪክ ሻይዋን እፍ እያለች፣
«ቀንድ የሚያወጣ ጠላት ያለው ነው» አለች።
«የኔዋ ቀንድ የላት፣ ቤት የላት፤ ድርቅ ሲመጣ ትሞታለች፤
ማለቴ፣ ትመስላለች።
ዝናብ ሲመለስ፣ ካቋረጠችው ቃል ትቀጥላለች።»
«የኔም በድርቅ በሩን በምራቁ ለጥፎ ይተኛል» አለ።
ለዚያ ሐሙስ ተስማሙ። ሻዩ አለቀ።

በሚያዝያ እሳት ተነሣ። ማን እንደለኮሰው እንጃ፤
ደረቁን ሣር ይዞ ወጣ፣ ገደሉን እንደ ደረጃ።
ሦስት ቀን ጨሰ። በአራተኛው ወጣን፣
ኦይሪክ ከፊት፣ ቶርኪል እያነከሰ፣
ተራራውን በጉልበቱ ረግሞ የማያውቅ ሰው፣ ያን ቀን ረገመ።

አርባ ሦስት ትራስ ነበረ።
አሥራ አንድ ቀረ።
ሁለቴ ቆጠረች። ሦስተኛውን ተወችው፤
የከሰለውን ጠርዝ በጣቷ ዳሰሰችው።

ቶርኪል ነው ያየው፣ ከጣሪያማው ድንጋይ ሥር፦
ቅርፊቱ እንደ መስታወት የሳሳ፣ ጀርባው ላይ የለው ቁጥር።
«ኖራ በሌለበት አገር ምን አመጣህ አንተ ሞኝ?»
አለና ተንበረከከ። «መነጽርሽን ስጪኝ።»

ከእግሩ ላይ፣ ከልጋጉ ውስጥ፣ አንዲት የዛገች ክር፤
ወደ ባዶው ድንጋይ ይጓዛል፣ እሷን ይዞ፣ ሳይቸኩል።

«ጻፍ» አለኝ ቶርኪል።
«አትጻፍ» አለች። «ክር ነው። ክር ይወድቃል።»
ረጅም ዝም አለች። ከዚያ የውሃ ኮዳዋን ፈትታ፣
ቀንድ አውጣውን ሳትነካ፣ ከፊቱ ያለውን ድንጋይ አጠጥታ
ጠቡን እንኳ ረስታ፣
ከሰውየው አጠገብ በደረቷ ተኛች።

እኔ ሰዓቱን ብቻ ጻፍኩ፤ ከቀኑ አሥር ሰዓት ከሩብ።
እስኪመሽ አንድ ስንዝር ሄደ።
ከዚያ፣ ዝናብ።